ሀዳር ፎርሜሽን የቦታ ስም ነው ወይስ የዘመን?

ጥያቄ፦ «ቤቴ አምስት ኪሎ ነው። ባለፈው እሑድ ሰባተኛ ክፍል የሚማረውን ልጄን ይዤ ብሔራዊ ሙዚየም ገባሁ። ድንቅነሽ ዘንድ ስንደርስ ከፊታችን እንግዶች የሚያስጎበኝ ወጣት ‹የተገኘችው በሀዳር ፎርሜሽን፣ ካዳ ሀዳር ሜምበር ውስጥ ነው› ሲል ሰማን። ልጄ ይሄ የቦታ ስም ነው ወይስ የዘመን ብሎ ጠየቀኝ፤ መልስ አጣሁ። እኔም የራሴ ጥያቄ አለኝ። የባለቤቴ ዘመዶች ደብረ ማርቆስ ስለሆኑ አባይ በረሃን በየጊዜው እናቋርጣለን። ገደሉ ላይ የሚታየው ጥቁሩም፣ ነጩም፣ ቀዩም እያንዳንዱ ስም አለው? ስሙንስ የሚያወጣው ማን ነው? እኛ አዲስ አበቤዎችስ የቆምነው በየትኛው ላይ ነው?»
አንዲት እናት፣ ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ የልጅዎ ጥያቄ ቀላል አይደለም። በአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ሥነ ምድር ስንማር ብዙዎቻችንን ያደናገረን እሱ ነበር። ስለዚህ መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ሀዳር ፎርሜሽን የአለት ስም ነው። በአፋር ሀዳር በሚባለው ቦታ ተለይቶ የታወቀ የደለል አለት ክምችት ስለሆነ በቦታው ተሰየመ። ዕድሜው ግን በሌላ መንገድ፣ በኋላ ተለክቶ የመጣ ነው። ስምና ዕድሜን ነጥሎ የያዘ ልጅ የዚህን ትምህርት ዋናውን ነገር ጨብጧል።

አንድ የሥነ ምድር ባለሙያ ገደል ስር ሲቆም በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዕድሜው አይደለም፤ ከምን እንደተሠራ ነው። ከመዶሻው ጋር ማጉያ መነጽርና በውኃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የያዘች ትንሽ ጠርሙስ ይይዛል። ድንጋዩን ሰብሮ አዲሱ ፊት ላይ አንድ ጠብታ ያደርጋል። አረፋ ደፍቆ «ጭስስ» ካለ የኖራ ድንጋይ ነው። ዝም ካለና በጥፍር ሲፋቅ ነጭ ዱቄት ከወጣው ጂፕሰም ሊሆን ይችላል። በመነጽር ሲታይ የአሸዋ ቅንጣቶቹ አንድ በአንድ የሚለዩ፣ ጣት ላይ የሚሻክር ከሆነ አሸዋ ድንጋይ ነው። ቅንጣቱ ለዓይን የማይታይ፣ ሲረጥብ ጭቃ ጭቃ የሚሸት ከሆነ ደግሞ ከጭቃ የተሠራ ነው። የውጭውን ቀለም አይመኑት። ፀሐይና ዝናብ የመታው የኖራ ድንጋይ ጠቁሮ ባዛልት የሚባለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት ሊመስል ይችላል፤ ሲሰበር ግን ውስጡ ቢጫ ወይም ግራጫ ነው።

እንዲህ ከታች ወደ ላይ እየተለካ፣ እየተሰበረ፣ እየተጻፈ ሲሄድ አንድ ቦታ ላይ የአለቱ ዓይነት ይለወጣል። ድንበሩ እዚያ ይሰመራል። ከታችኛውና ከላይኛው በግልጽ የሚለይ፣ ከአንድ ሸለቆ ወደ ሌላው ተከትለው ሊሄዱበት የሚችሉት፣ ካርታ ላይ ሊሣል የሚበቃ የአለት አካል ፎርሜሽን ይባላል። የውፍረት ልክ የለውም፤ ጥቂት ሜትርም፣ በሺህ የሚቆጠር ሜትርም ሊሆን ይችላል። የታችኛው ከላይኛው ይቀድማል የሚለውን ሕግ ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ጽፎታል፤ መሬቱ ካልተገለበጠ በቀር ዛሬም የምንሠራው በእሱ ነው።

ፎርሜሽን ከላይም ከታችም ዘመድ ሊኖረው ይችላል። ተዛማጅ ፎርሜሽኖች ሲሰበሰቡ ግሩፕ ይሆናሉ፤ ግሩፖች ሲሰበሰቡ ሱፐርግሩፕ። ወደ ታች ሲወርዱ ፎርሜሽኑ በሜምበር ይከፈላል፤ ከሁሉም ትንሿ ለብቻዋ ስም የተሰጣት አንዲት ንጣፍ ቤድ ትባላለች። ለልጅዎ ወረዳ በክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማ በከተማ አስተዳደር ስር እንደሚገባው ነው ብለው ሊያስረዱት ይችላሉ። አንድ ልዩነት ግን ይንገሩት፦ ክፍለ ከተማ ያለ ወረዳ አይኖርም፤ ፎርሜሽን ግን በሜምበር ሳይከፈል፣ ግሩፕም ውስጥ ሳይገባ ብቻውን ሊኖር ይችላል። ግዴታው ፎርሜሽኑ ብቻ ነው።

ስም የሚያወጣው ማን ነው ላሉት፣ ማንም ተመራማሪ ሊያወጣ ይችላል፤ ሕጉን ግን መጠበቅ አለበት። አለቱ በደንብ የሚታይበትን አንድ ቦታ መርጦ መነሻ ያደርገዋል። ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ፣ ውፍረቱን፣ የላይና የታች ድንበሩን፣ የአለቱን ዓይነት ዘርዝሮ በሳይንሳዊ መጽሔት ያሳትማል። ስሙ የዚያ አካባቢ ስም ይሆናል፤ ሌላ ቦታ ለሌላ አለት የተሰጠ ከሆነ አይደገምም። መነሻ ቦታው ትልቅ ጥቅም አለው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ ሰው ቢጠራጠር ሄዶ ድንጋዩን በእጁ ይዞ ይፈርዳል።

አባይ በረሃ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መማሪያ ነው። ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ጎሃ ጽዮን ሲደርሱ የቆሙት በእሳተ ገሞራ አለት ላይ ነው፤ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት። ያ ጥቁሩ ነው፤ የደለል አለት አይደለም። ቁልቁለቱ ሲጀምር ከባዛልቱ ስር የአንታሎ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ጠርዙ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። ከእሱ ስር የጎሃ ጽዮን ፎርሜሽን አለ፦ ነጭ ጂፕሰም ከጭቃ ድንጋይና ሼል ከሚባለው በስሱ የሚሰነጠቅ የጭቃ አለት ጋር እየተፈራረቀ፣ ለስለስ ያለ ተዳፋት ሠርቶ። ጥልቀት የሌለው ባሕር ዳርቻ ላይ ውኃው እየተነነ ጨውና ጂፕሰም የቀረበት ጊዜ ነው። ከሁሉ በታች፣ ወደ ድልድዩ ሲቃረቡ፣ ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። መኪና ቆሞልዎት ጠጋ ብለው ካዩት በአንዱ ንጣፍ ውስጥ ያዘነበሉ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። ያ ውኃ ወይም ነፋስ አሸዋውን የገፋበት አቅጣጫ ነው።

ስሞቹን ልብ ብለው ይዩ። አዲግራትና አንታሎ ትግራይ ናቸው፤ አባይ ሸለቆ ውስጥ ምን አመጣቸው? ዊሊያም ብላንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ ምድር ሰው በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላው ዘመቻ ጦር ጋር መጥቶ በመንገዱ ያያቸውን አለቶች ሰየማቸው። አለቱ በእነዚያ ቦታዎች ስለተገለጸ ስሙን ይዞ ደቡብ ድረስ ተጓዘ። ጎሃ ጽዮን ግን የኛ ሰው ያወጣው ነው፤ ጌታነህ አሰፋ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ፎርሜሽን አድርገው አቀረቡት። ከዚያ በፊት «አባይ ቤድስ» እየተባለ በልማድ ይጠራ ነበር። ከኖራ ድንጋዩ በላይ በሸዋ ሸለቆዎች ለሚገኙትም የሙገር ጭቃ ድንጋይና የደብረ ሊባኖስ አሸዋ ድንጋይ የሚሉት ስሞች አሉ። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የኋለኛውን «የላይኛው አሸዋ ድንጋይ» ይለዋል። እኔ በበኩሌ ይህ አጠራር እንዲቀር አጥብቄ እፈልጋለሁ፤ «የላይኛው» ከምን በላይ እንደሆነ ሸለቆውን ያላየ ሰው አያውቅምና።

አሁን ወደ ዕድሜው። አንታሎ የኖራ ድንጋይ የጁራሲክ ነው ሲባል ሰምተው ይሆናል፤ ጁራሲክ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ዘመን ነው። እውነት ነው። ግን የአለቱ ድንበርና የዘመን ድንበር አብረው አይሄዱም። በዚያ ዘመን ባሕሩ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከኦጋዴን በኩል፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ እየገፋ መጣ። ባሕር የደረሰበት ቦታ የኖራ ጭቃ ሲከማች፣ ገና ያልደረሰበት ቦታ ወንዝ አሸዋውን ያፈስ ነበር። ስለዚህ ኦጋዴን ላይ ሐማንሌይ የሚባለው የኖራ ድንጋይ መከማቸት ሲጀምር መቀሌ አካባቢ ገና አሸዋ ነበር። አሸዋ ድንጋዩ አልቆ የኖራ ድንጋይ የሚጀምርበትን መስመር ከኦጋዴን እስከ ትግራይ ቢከተሉ፣ እየተራመዱ ያሉት በአንድ የአለት ድንበር ላይ ሆኖ፣ ጊዜው ግን ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር ወደ እኛ ዘመን እየቀረበ ይመጣል። አለቱን በዕድሜው ብንሰይም ኖሮ ይህ ሁሉ የባሕር ጉዞ ይሰወርብን ነበር።

ለዚህም ሦስት የተለያዩ መዝገቦች እንይዛለን። አንዱ በአለቱ ዓይነት፣ አሁን ያወራንበት ነው። ሁለተኛው በቅሪተ አካል ነው፤ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ መሰል አሞናይት ከሚታይበት እስከሚጠፋበት ያለው ክፍል ለብቻው ይሰመራል። ሦስተኛው በዘመን ነው፤ ጁራሲክ፣ ክሪቴሺየስ የሚሉት ስሞች የዚያ ናቸው።

መልክ ብቻ ሲታመን ምን እንደሚመጣ ትግራይ አንድ ጥሩ ማሳያ አላት። አዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተብሎ ይቆጠር ከነበረው ውስጥ የታችኛው ክፍል በኋላ እንጢጮ አሸዋ ድንጋይ ተብሎ ተለየ። ሁለቱም አሸዋ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ በቀጥታ በተኛበት ቦታ ለመለየት ያስቸግራሉ። በመካከላቸው ግን ከ200 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ክፍተት አለ። እንጢጮ ወደ ኦርዶቪሺያን ይመለሳል፤ ዓሣ እንኳ ገና በቅጡ ያልበዛበት ዘመን ነው። በዚያው አካባቢ ዕዳጋ ዓርቢ የሚባለው ክምችት የበረዶ ግግር ጎትቶ የጣላቸውን ድንጋዮች ይዟል። ዛሬ ፀሐይ የሚያነደው ያ አገር በበረዶ ስር የነበረበት ዘመን እንደነበር የምናውቀው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ንጣፍ ከንጣፍ ስለለየ ነው።

ሀዳር ላይ ሁኔታው ሌላ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር ለስላሳ የሐይቅና የወንዝ ደለል ስለሆነ ጭቃው ጭቃን፣ አሸዋው አሸዋን ይመስላል። ፎርሜሽኑን የሰየመው ፈረንሳዊው ሞሪስ ታዬብና ባልደረቦቹ ሜምበሮቹን ለመለየት የተጠቀሙት በመካከል የገቡትን የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፎች ነው፤ ባለሙያዎች ተፍ የምንላቸው። ከታች ጀምሮ ባዛል ሜምበር፣ ሲዲ ሀኮማ፣ ደነን ዶራ፣ ካዳ ሀዳር ናቸው። ሲዲ ሀኮማ የሚጀምረው ሲዲ ሀኮማ ከሚባለው አመድ ነው፤ ካዳ ሀዳርም እንዲሁ ከራሱ አመድ። አመድ ከእሳተ ገሞራ ሲወጣ ይዞት የሚመጣው ማዕድን በአርጎን ዘዴ፣ ማለትም በውስጡ የተጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ በመለካት፣ ዕድሜው ይታወቃል፤ የመጀመሪያው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ በካዳ ሀዳር ሜምበር ውስጥ ናት፤ ማለትም ከዚያ አመድ በላይ። የዲኪካዋ ሕፃን ሰላም ደግሞ በሲዲ ሀኮማ ሜምበር ውስጥ፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ሙዚየሙ ውስጥ ከሁለቱ ማን እንደምትቀድም ልጅዎ ያለ ቁጥር፣ በሜምበሩ ስም ብቻ ሊነግርዎት ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። የአመዱ ጥቃቅን የመስታወት ስባሪዎች ኬሚካላዊ ይዘት ለእያንዳንዱ ፍንዳታ የተለየ ነው። ተመራማሪዎች የሲዲ ሀኮማን አመድ ሲመረምሩ በኦሞ ሸለቆ ሹንጉራ ፎርሜሽን ውስጥ ሜምበር ቢ ከሚጀምርበት አመድ ጋር፣ በኬንያ ቱርካና ሐይቅ ዳር ደግሞ ቱሉ ቦር ከሚባለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ከተቆፈረ ደለል ውስጥም ወጥቷል። አንድ ፍንዳታ፣ ሦስት ስም። ስሞቹ አልተሰረዙም፤ እያንዳንዱ በየቦታው አለቱን ይጠራል። የኦሞና የቱርካና ፎርሜሽኖች ግን ተሰብስበው ኦሞ ግሩፕ ተብለዋል፤ የኢትዮጵያንና የኬንያን ድንበር አቋርጦ የሚሄድ ግሩፕ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ አዲስ አበባ ነበር። ከአምስት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከእንጦጦ እስከ መስቀል አደባባይ የምንረግጠው የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ የደለል አለቶቹን ለማየት ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ወደ ሸለቆዎቹ መውረድ ያስፈልጋል። ቅርቡ ሙገር ነው። ለሲሚንቶ የሚፈጨው የኖራ ድንጋይ ከዚያ ሸለቆ ይወጣል፤ ቤትዎ በሙገር ሲሚንቶ የተሠራ ከሆነ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው ኖራ ጎሃ ጽዮን ላይ ከባዛልቱ ስር የሚያዩት የአንታሎ ድንጋይ ነው።