ጥያቄና መልስ፦ ሮም በመኖራችን ልጆቻችን ላቲን ይሆናሉ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኛ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮች ነን። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከአዲስ አበባ ሮም መጥተናል፤ ሁለት ዓመት እንቆያለን። ሦስቱን ልጆቻችንን ቤት ውስጥ ነው የምናስተምረው። ጣልያን ይህን ትፈቅዳለች፤ በየዓመቱ ለትምህርት ቤት እናሳውቃለን፣ ልጆቹም ዓመቱ ሲያልቅ ይፈተናሉ። እሑድ የምናስቀድሰው ሰፈራችን ባለው የላቲን፣ ማለትም የምዕራቡ ካቶሊክ ሥርዓት፣ ቁምስና ነው። የቁምስናው አስተዳዳሪ ካህን፣ ቆሞሱ፣ በጣም ደግ ሰው ናቸው። በቅርቡ ልጆቹን ለመጀመሪያ ቁርባንና ለሜሮን ትምህርት እንድናስመዘግብ ጠየቁን። ሦስቱም ግን ሲጠመቁ ሜሮን ተቀብተዋል፣ ቆርበዋልም። ትምህርተ ክርስቶስንም እኔው እያስተማርኳቸው ነው። ምን ልበላቸው? ትልቁ ልጄ ደግሞ «አሁን ላቲን ሆንን ማለት ነው?» እያለ ይጠይቀኛል። ጾሙና በዓሉስ በማን ይሁን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከትልቁ ልጅሽ ጥያቄ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ከሱ ነው የሚመዘዘው።

አልሆናችሁም። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሕገ ቀኖና በቁጥር 112 ላይ፣ በሌላ ሥርዓት ምሥጢራትን መቀበል፣ ልማዱ የቱንም ያህል ቢረዝም፣ አባልነትን እንደማይለውጥ ይናገራል። በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የምሥራቃውያን ሕገ ቀኖናም በቁጥር 38 ይህንኑ ያጸናል፦ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ቆሞስ ሥር ያሉ ምእመናን የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ልጆች ሆነው ይኖራሉ። ልጅሽ ሮም ሃያ ዓመት ቢያስቀድስም የግእዝ ልጅ ነው። እዚያው ላይ ግን የሰፈራችሁ ቅዳሴ የራሳችሁ ቅዳሴ ነው። የሰንበት ግዴታችሁ ይፈጸምበታል፤ ቁርባኑም ያው አንዱ የክርስቶስ ሥጋ ነው። እንግዳ ነን ብላችሁ የኋላ ወንበር አትፈልጉ። የሰላምታው ሰዓት ሲደርስ ከጎናችሁ ያለችው አሮጊት እጇን ስትዘረጋ ልጆቹ ይጨብጧት።

አሁን ወደ አስቸኳዩ። ሜሮን አይደገምም። ጥምቀት፣ ሜሮንና ክህነት የማይፋቅ ማኅተም የሚተዉ ምሥጢራት ናቸው፤ አንዴ ከተሰጡ በቃ። ስለዚህ ልጆቹን ለሜሮን አታስመዝግቢ። ቆሞሱ ጥፋት አላደረጉም። በላቲኖች ዘንድ ልጅ ሜሮን የሚቀባው ካደገ በኋላ ነው። የሚቆርበውም ክፉና ደጉን መለየት ሲጀምር ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1910 እ.ኤ.አ. ይህን ዕድሜ ወደ ሰባት ዓመት ግድም አወረዱት። ተጠምቆ፣ ሜሮን ተቀብቶና ቆርቦ የወጣ ሕፃን ለቆሞሱ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል።

የጥምቀት ምስክር ወረቀታቸውን ይዘሽ ሂጂ። ከመሄድሽ በፊት ግን አንብቢው። ብዙ ጊዜ የጥምቀቱ ቀን ብቻ ተጽፎ የሜሮኑ መስመር ባዶ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ የተጠመቁበት ቁምስና ከመዝገቡ አይቶ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ፤ በአማርኛ ብቻ ከሆነም አስተርጉሚው። ቆሞሱ ጽሑፉን ሲያዩ ነገሩ ግልጽ ይሆንላቸዋል። ስለ ትንሹ ልጅ መቁረብ ያኔ አብረሽ አንሺላቸው፣ ቢሯቸው ቁጭ ብላችሁ። እሑድ ቁርባን ሰልፍ ላይ የሚነሳ ክርክር ለማንም አይበጅም፣ ለልጁ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል።

ትምህርቱ ላይ ግን ትንሽ ልሞግትሽ። ወላጅ የልጁ የመጀመሪያና ዋነኛ አስተማሪ መሆኑን ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ትምህርት ባወጣው መግለጫ ተናግሯል። ያንን ማንም አይነጥቅሽም። አንቺም እየተወጣሽው ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ነገር ግን ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጸሎቱም ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ሰው አፍ ሲመጣ ልጅ እምነትን እንደ እማዬ ትምህርት ሊቆጥረው ይችላል። እኩዮቹ ሲጸልዩ ማየት አለበት። ሌላ ትልቅ ሰው፣ ያልወለደው ሰው፣ ስለ ክርስቶስ ሲነግረው መስማት አለበት። ስለዚህ ወደ ቁምስናው ትምህርት ላኪያቸው፤ የተቀበሉትን ምሥጢር ጠለቅ ብለው ይማሩበታል። ኦራቶሪዮ ካላቸው ደግሞ እሱንም አትለፊ። ቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪ በ16ኛው መቶ ዘመን እዚያው ሮም ሰውን ለጸሎትና ለመዝሙር ሲሰበስብ የጀመረው ነገር ነው፤ ዛሬ የቁምስናው ልጆች ኳስም ጸሎትም የሚገናኙበት ግቢ ሆኗል። ጣልያንኛውንም እዚያ ይለምዱታል።

የግእዙ ነገር ግን የቤታችሁ ኃላፊነት ነው። የሰፈሩ ቆሞስ አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ ሊያስተምሩልሽ አይችሉም። የማታ ጸሎታችሁ በግእዝና በአማርኛ ይሁን። ደግሞ ሮም ናችሁ እኮ! ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ፣ እዚያው ቫቲካን ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የግእዝ ሐዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ሲያሳትሙ የኖሩት እዚያ ነው፤ መቃብራቸውም እዚያው ነው። ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በባዕድ አገር የራሱን ፊደል ለማተሚያ ቤት ሲያስቀርጽ! ይህን ለልጆች ከማስተማር የበለጠ ምን የታሪክ ትምህርት አለ? ካህናት የሚማሩበት የኢትዮጵያ ኮሌጅም በቫቲካን የአትክልት ስፍራ ውስጥ ነው። በግንቡ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም። አስቀድመሽ ለኮሌጁ ደውዪና የግእዝ ቅዳሴ ለምእመናን መቼ፣ የት እንዳለ ጠይቂ። ትልቁ ልጅሽ የጠየቀሽ ጥያቄ መልሱን እዚያ በዓይኑ ያየዋል።

ጾምና በዓል ላይ ሕጉ ሰፊ ነው። የምሥራቃውያን ቀኖና ቁጥር 883፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው ክልል ውጭ የሚኖሩ ምእመናን ያሉበትን ቦታ በዓልና ጾም ሙሉ በሙሉ መያዝ እንደሚችሉ ይፈቅዳል። በ2018 ዓ.ም. የላቲኖቹ ፋሲካ መጋቢት 27 ሲውል የኛ ሚያዝያ 4 ነው። አንዱን ያዙ። በዓሉን ከዚያ፣ ቀለል ያለውን ጾም ከዚህ እየመረጡ መሄድ ግን ልጆችን ያሰንፋል። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ለሁለቱ ዓመት ዐቢይ ጾሙንም ፋሲካውንም ከቁምስናችሁ ጋር አድርጉ፤ ልጆች ሕማማትን ብቻቸውን ሲያከብሩ ይከብዳቸዋል። ረቡዕና ዓርብን ግን ቤታችሁ አትተዉ። ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሩና ጾሙ ሳይገባ ቁረጡ፣ ለቆሞሱም ንገሯቸው።