ኮድ አንብቡልኝ የሚል ደዋይ ሁሉ ሌባ ነው

እህቴ ሰላም። እናትሽን በየቀኑ እየደወሉ «ከባንክ ነው፣ ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው፣ የገባልዎትን ኮድ ያንብቡልን» እያሉ እንደሚያስጨንቋቸው፣ አንዱን ቁጥር ስትዘጊው በሌላ እንደሚመጡ ጽፈሽ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ብንቀይረውስ ብለሽ ጠይቀሻል። አትቀይሪው። ቁጥሩ ከባንክ ሂሳባቸውና ከቴሌብራቸው ጋር የተያያዘ ነው። ከዚያ ሳይነቀል ሲሙ ቢጣል ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ የባንኩ መልእክትም ለዚያ ሰው ይደርሳል። በዚያ ላይ ሌቦቹ አዲሱንም ቁጥር ያገኙታል።

1. ቁጥር መዝጋት ላይ ጊዜ አትጨርሺ። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሲም አይሠሩም። አብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው «ያልታወቁ ደዋዮችን ዝጋ» የሚለው ማብሪያም የሚዘጋው ቁጥሩን ደብቆ የሚደውለውን ነው፤ ስማቸው ያልተመዘገበ የ09 እና የ07 ቁጥሮች እንደ ልባቸው ይገባሉ። አይፎን ከሆነ ያልተመዘገበ ደዋይን ሁሉ ሳይጮህ ወደ ጥሪ ዝርዝር የሚያሳልፍ ማስተካከያ አለ፤ እሱን አብሪው። አንድሮይድ ከሆነ ግን የስልኩን ጠቅላላ መጥሪያ ድምፅ አልባ አድርጊና ለልጆች፣ ለጎረቤት፣ ለዕድር ሰብሳቢው፣ ለጤና ጣቢያው በየስማቸው እየገባሽ የየራሳቸውን መጥሪያ ስጪ። አልሠራም የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስሙ ሲም ካርዱ ላይ የተቀመጠባቸው ናቸው፤ ሲም ላይ ያለ ስም የራሱ መጥሪያ አይሰጠውም፣ መጀመሪያ ወደ ስልኩ መገልበጥ አለበት። ንዝረቱንም አጥፊው፣ አለዚያ ኪሳቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ያነሱታል። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶችንም ከነአገር ኮዳቸው መዝግቢ፦ አሜሪካ +1፣ ሳዑዲ +966፣ ኤምሬትስ +971። ከዚያ በኋላ አንዴ ጠርቶ የሚቋረጥ ያልተመዘገበ የውጭ ቁጥር ሲመጣ መልሶ አለመደወል ቀላል ይሆናል። መልሶ የደወለ ሰው የሚከፍለው በዓለም አቀፍ ታሪፍ ነው፤ እነሱም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

የደዋይን ስም የሚያሳየው ትሩኮለር የሚባለው አፕ ላይም አትተማመኚ። እዚያ የሚታየው ስም ሰው ራሱ የሞላው ወይም ሌሎች የመዘገቡት ነው። ሌባው ራሱን በባንክ ስም ቢያስመዘግብ ስልኩ ላይ የሚታየው ያው የባንኩ ስም ነው።

2. ኮዱ። ዋናው ጉዳይ ይህ ስለሆነ ለእናትሽ ቁጭ ብለሽ አስረጂልኝ። ትልልቅ ሰዎች የሚታለሉት ደዋዩ ስማቸውን እስከነአባታቸው ስለሚጠራ ነው። ስሙን ማግኘት ግን ምንም አይከብድም፤ በቴሌብር ወይም በባንክ አፕ ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ሲገባ ከማረጋገጫው በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል። ሌባው ቁጥሩን ያስገባል፣ ስሙን ያነባል፣ ከመላክ ይመለሳል፣ ከዚያ «ወይዘሮ እገሊት ነዎት?» ብሎ ይደውላል። ስም ማወቁ የባንክ ሠራተኛ አያደርገውም።

ኮዱ የሚመጣውም እሱ ራሱ ስለሚያስልከው ነው። የእናትሽን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ባለ አፕ ያስገባል፣ ሲስተሙ «ባለቤቷ ትሁን አትሁን» ብሎ ለማረጋገጥ ወደ እናትሽ ስልክ ኮድ ይልካል። ኮዱን ማንበብ ማለት «አዎ፣ እኔ ነኝ፣ አስገቡት» ማለት ነው። ባንክ የራሱን ኮድ ከደንበኛው ደውሎ የሚጠይቅበት ምንም ምክንያት የለም። ቴሌግራምም (ባለ 5 አኃዝ)፣ ዋትስአፕም (ባለ 6 አኃዝ) እንዲሁ ነው።

ኮድ አልሰጥም የሚል ሰው ሲገጥማቸው ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። «ምንም አይንገሩኝ፣ እርስዎ ራስዎ ይጫኑት» ብለው ኮከብ 127 መሰላል (*127#፣ የቴሌብር ማውጫ) ያስደውላሉ፣ ከዚያ ቁጥር በቁጥር ይመሯቸዋል። «የምዝገባ ቁጥር» ብለው የሚያስገቡት የራሳቸውን ስልክ ነው። «የማረጋገጫ ቁጥር 9850» የሚሉት የሚላከው የብር መጠን ነው። መጨረሻ ላይ ፒን ሲጠየቅ እናትሽ በገዛ ጣታቸው ያጸድቃሉ። የአየር ሰዓትም በዚሁ መልክ ይሄዳል፤ *806* ብሎ የሚጀምር ነገር «ሽልማትዎን ለመቀበል ይደውሉ» ካሉ የአየር ሰዓት ማስተላለፊያ ነው፣ ከኮከቡ በኋላ ያለው የነሱ ቁጥር፣ ቀጥሎ ያለው መጠኑ።

ስለዚህ ለእናትሽ አንድ ደንብ ብቻ ስጪያቸው፤ ብዙ ደንብ አይያዝም። ሰው በስልክ እየተናገረ ሳለ ስልኩ ላይ ምንም ቁጥር አይነካም፣ ምንም አይነበብም። «እሺ፣ ራሴ እደውላለሁ» ይበሉና ይዝጉት። መልሰው የሚደውሉት ደግሞ ደዋዩ በሰጣቸው ቁጥር አይደለም፤ ለንግድ ባንክ 951፣ ለቴሌብር 127፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700። እነዚህን በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊላቸው።

3. ጥሪ ማዛወሪያ። ይህን ማንም አይፈትሽም። ደዋዮቹ «ኔትወርክዎን እናስተካክል» ብለው *21* ቀጥሎ አንድ ስልክ ቁጥርና መሰላል ካስደወሏቸው የእናትሽ ጥሪ ሁሉ ወደ ሌባው ይሄዳል። ዋትስአፕ ደግሞ ኮዱን በድምፅ ጥሪም ይናገራል፤ ሌባው ያን ጥሪ ተቀብሎ አካውንታቸውን ይከፍታል። ዛሬውኑ *#21# ደውለሽ እዪ፣ የማታውቂው ቁጥር ከወጣ ##21#፣ ሁሉንም ዓይነት ማዛወሪያ በአንዴ ለማጥፋት ##002#። ባለ ቁልፍ ስልክም ላይ ይሠራል።

4. ቴሌግራምና ዋትስአፕ ላይ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከሚላከው ኮድ ሌላ የሚጠየቅ የራስ የይለፍ ቃል ወይም ፒን) አስገቢ፤ ቴሌግራም ላይ ግላዊነትና ደኅንነት ከሚለው ውስጥ፣ ዋትስአፕ ላይ አካውንት ከሚለው ውስጥ ታገኚዋለሽ። ከዚያ የተገናኙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ክፈቺና የማታውቂውን አስወጪ። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ ሰው በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነባር መሣሪያዎችን ማስወጣት አይችልም፤ ስለዚህ የተጠለፈ ሰው ያቺን ቀን ከተጠቀመባት አካውንቱን ያድነዋል፣ ካሳለፋት ግን ሌባው ባለቤቱን ያስወጣዋል። ዋትስአፕ ከተወሰደ በዚያው ቁጥር እንደገና መመዝገብ ሌላውን ያስወጣዋል፤ ሌባው የራሱን ፒን አስገብቶ ከሆነ 7 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። በዚያ ሳምንት አካውንቱ እንደተወሰደ ለዘመድ ሁሉ አሳውቂ። የሚጠለፈው ብዙ ጊዜ አረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለ ልጅ አካውንት ስለሆነ «ቶሎ ለዚህ ሂሳብ አስገቡልኝ፣ በዶላር እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ሲመጣ ቤተሰብ ሳያመነታ ይልካል። እንዲህ ያለ መልእክት ሲመጣ በመደበኛ ስልክ ደውሎ የልጁን ድምፅ መስማት ነው፤ «አሁን ማውራት አልችልም» ካለ ብሩ አይላክም።

በቴሌግራም የሚላክ ኤፒኬ ፋይልም (አንድሮይድ ላይ አፕ የሚጭን ፋይል) በፍጹም አይከፈት፣ የባንክ ዓርማ ቢኖረውም። ከተጫነ ስልኩን አውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጊና በሌላ ስልክ ለባንኩ ደውዪ፤ ፋይሉን መሰረዝ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

«በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። የደረሰው መልእክት ከማን እንደተላከ ይታይ፤ የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፣ ከሰው ቁጥር ከመጣ የተፈበረከ ነው። እውነት ገብቶ ከሆነም በእጅ አይመለስም፤ ላኪው 127 ደውሎ ያመልክት። «ስንቆፍር ወርቅ አገኘን» ለሚሉት መልስ መስጠት አያስፈልግም።

አሁን ገንዘብ ከወጣ በኋላ ስላለው ነገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው በጣም የሚበደለው። ብሩ ሌባው ጋ ብዙ አይቆይም፤ ወደ ሌላ ሂሳብ ይዞራል ወይም ወኪል ጋ በጥሬው ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቅርንጫፍ አትሩጪ፣ ደውዪ። ሂሳቡም የተቀባዩም እንዲታገድ ጠይቂ፣ የደወልሽበትን ሰዓትና ያነጋገረሽን ሰው ስም ጻፊ። ስልኩ በድንገት ኔትወርክ አልባ ከሆነ ደግሞ ሲሙ በሌላ ሰው ተተክቶ ሊሆን ይችላል፣ በሌላ ስልክ 994።

ከዚያ ቅርንጫፍ ሲኬድ «ራስዎ ነዎት የሰጡት፣ እኛ ምን እናድርግ» የሚል ሠራተኛ ይገጥማል። ትልቅ ሰው በመስኮት ፊት ተሰልፎ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፣ ሌባውም የሚተማመነው በዚህ ነው። አትመለሺ። ባንኩ የተቀባዩን ማንነት ለአንቺ አይነግርም፣ ያ ደንብ ነው፤ አቤቱታሽን የመቀበል ግዴታ ግን አለበት። ባንክ «የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ»፣ ፖሊስ «የባንክ መግለጫ አምጪ» እየተባባሉ እንዳያመላልሱሽ ሁለቱንም በአንድ ቀን ያዢ፦ ከባንኩ ማኅተም ያለው የሂሳብ መግለጫ፣ ከዚያ ለፖሊስ ጣቢያ በጽሑፍ ማመልከቻ። ማመልከቻው ላይ የግብይት ቁጥሩ (የንግድ ባንክ ከሆነ ኤፍቲ ብሎ የሚጀምረው)፣ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ የደወሉባቸው ቁጥሮች በሙሉ ይጻፉ፤ ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ መሆኑን ጥቀሺበት። በሁለት ኮፒ አዘጋጂና በአንዱ ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺ። ማኅተም የሌለው ማመልከቻ «አልደረሰንም» ይባላል። የጥሪ ዝርዝሩንና መልእክቶቹን አትሰርዙ፤ ስክሪንሹት አንሺና ወደ ራስሽ ስልክ ላኪው።

የእናትሽ ባንክ የትኛው እንደሆነ፣ ስልካቸውም ባለ ቁልፍ ይሁን ባለ ስክሪን ጻፊልኝ፤ መጥሪያውንና ማዛወሪያውን በዚያው ስልክ ማውጫ ቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ።