የምወደው ድምፃዊ ሞተ፤ እንዴት ላስበው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ድምፃዊ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። በአካል አግኝቼው አላውቅም፤ ሲሞት ግን እንደ ዘመድ ነው ያለቀስኩት። ለሙት ዓመቱ ፎቶውን አስቀምጬ ሻማ ላበራለትና ልጸልይለት አሰብኩ። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ «ዘፋኝ እኮ ነው! የት እንደገባ ይታወቃል፤ ምን ብለሽ ነው የምትጸልዪለት?» አለችኝ። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከጓደኛሽ ልጀምር። «የት እንደገባ ይታወቃል» ያለችው አይታወቅም። ቅዱስ ጳውሎስ «አንተ በሌላው ሎሌ የምትፈርድ ማን ነህ?» ይላል (ሮሜ 14፥4)። ያ ሰው በመጨረሻ ሰዓቱ እንዴት እንዳለቀሰ፣ ለንስሐ አባቱ ምን እንደተናገረ እሷም አልሰማችም፣ እኔም አልሰማሁም።

ይህን ስል ዘፈንን ላለባብስ አይደለም። ገላትያ 5፥21 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ ቆጥሮታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ልጆቿ ከዚያ እንዲርቁ ታስተምራለች። ግን ሥራውን መንቀፍ ሌላ፣ ሰውየውን መኮነን ሌላ። ተጠምቆ በሃይማኖቱ ጸንቶ ለሞተ ክርስቲያን ፍትሐት ይደርስለታል፤ «ሙያህ ምን ነበር?» ተብሎ በር አይዘጋበትም። ጥላሁን ገሠሠ በፋሲካ ዕለት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ዐርፎ የተቀበረው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንና ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም እዚያው ናቸው።

ስለማልቀስሽ አትፈሪ። ጌታም በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል። የሐዋርያት ሥራ 9፥39ን አንብቢው። ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ጴጥሮስን ከብበው የሰፋችላቸውን ቀሚስ እያሳዩት ያለቅሱ ነበር። የሞተን ሰው በእጁ ሥራ እያነሱ ማልቀስ እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው። ጴጥሮስም አልገሠጻቸውም፤ ተንበርክኮ ጸለየ። የተከለከልነው ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች ማዘን ነው (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13)።

ፎቶው ላይ ግን ቆም በዪ። ግድግዳ ላይ መስቀሉ ችግር የለውም። ፊቱ ሻማ አብርቶ ቆሞ መጸለይ ግን ለቅዱሳን ሥዕል የምናደርገው ነው። ይህ ሰው የሚጸለይለት ነው እንጂ ወደ እርሱ የሚጸለይ አይደለም። ሻማውን ቤተ ክርስቲያን ወስደሽ አብሪው።

አዎ፣ ጸልዪለት። ጳውሎስ ስለ ሄኔሲፎሩ «በዚያን ቀን ከጌታ ምሕረትን እንዲያገኝ» ለምኗል (2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥18)፤ ብዙ መምህራን ሰውየው ያን ጊዜ ዐርፎ ነበር ብለው ያስተምራሉ። በእኛም ሥርዓት ሟች በ40፣ በ80፣ በመንፈቅ፣ በዓመት የሚታሰበው ለዚሁ ነው። ተዝካሩን የሚያወጣው ቤተሰቡ ነው፤ አንቺ በጸሎቱ ተገኚ። ካህናቱ የሚጠሩት በክርስትና ስሙ ነው፤ አድናቂ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የመድረኩን ስም ብቻ ነው። ቤተሰቡን በጨዋ ደንብ መጠየቅ ይቻላል። ካልተገኘም ቤትሽ ሆነሽ በምታውቂው ስም ጸልዪ፤ እግዚአብሔር ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

ከጸሎቱ ጋር ምጽዋት ጨምሪበት። አድናቂዎች ለሙት ዓመት ተሰብስበው ቲሸርት ያሳትማሉ፣ ኬክ ይቆርሳሉ፣ ሲመሽ ደግሞ መጠጥ ይከተላል። እውነቱን ለመናገር ለሟቹ ከዚህ ሁሉ ምን እንደሚደርሰው አይታየኝም። ብሩን አዋጥታችሁ መታከሚያ ላጣ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ብትሰጡስ? ወይም በስሙ ለነዳያን? ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎ፣ ዝቅ ብሎ ስለ አሟሟቱ ወሬ መቀባበሉም ይቅርብን። የሚያነቡት ልጆች አሉት።

ዘፈኖቹን ልስማ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እየሰማሽ እንደሆነ ግን እገምታለሁ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከላይ ነግሬሻለሁ። ከብዶሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ምን ያህል እንደያዘሽ ጠይቀው፣ ከየት መጀመር እንዳለብሽ የሚነግሩሽ እሳቸው ናቸው።