አራት ትውልድ ያጠመደበት ጀልባ ለልጄ ይለፍ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ሉዊዚያና ነው፣ ከኒው ኦርሊንስ ወደ ደቡብ ሲወረድ ረግረጉ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ፣ ሐበሻ የሚባል ከኔ ሌላ የለም። ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ኬጀን ይሏቸዋል፣ ድሮ ከካናዳ በግድ የተባረሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘር ናቸው። ቅድመ አያቱ፣ አያቱ፣ አባቱ ሁሉም ሽሪምፕ (በመረብ የሚያዝ፣ የሚበላ ትንሽ የባሕር እንስሳ) አጥማጅ፣ እሱም በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሠርቶ ነበር ግን አሁን የነዳጅ ማውጫ ላይ ነው፣ ሁለት ሳምንት ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት ቤት። ልጃችን 17 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። አማቴ፣ የባሌ አባት፣ 71 ሞላቸው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ጀልባውን ለልጁ አስረክባለሁ ብለው ተነሱ። ልጁ ደስታውን አልቻለውም፣ ባሌ ዝም፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ። ሃሪኬን አይዳ የሚሉት አውሎ ነፋስ ጊዜ ጀልባው ተጎድቶ ለማሠሪያ የተበደሩት ገና ተከፍሎ አላለቀም፣ የሽሪምፑ ዋጋ ወርዷል፣ እኔ እዚህ አገር መጥቼ የደከምኩት ልጄ ኮሌጅ እንዲገባ ነበር። እምቢ ካልኩ የቤተሰቡን ሥራ ያስቋረጠች እባላለሁ። ደግሞ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሽሪምፕ በአፌ ዞሮ አያውቅም፣ ልጄ በዚህ መተዳደሩስ እንዴት ነው? ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባት እናት፣ ከሉዊዚያና

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እኔ ወደ አገር ቤት ከመመለሴ በፊት ቴክሳስ ጋልቬስተን አጠገብ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፣ ሦስቱን ዓመት የሠራሁት የሽሪምፕ ጀልባዎች የሚቆሙበት ወደብ በረዶ ቤት ውስጥ ነው፣ የተፈጨ በረዶ በወፍራም ጎማ ቱቦ ወደ ጀልባው ሆድ እየነፋን እንሞላ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ሩቅ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ አማትሽ ልናገር። አንድ ምሽት አንድ ሽማግሌ ካፒቴን ይዘውኝ ወጡ። ቡናማው ሽሪምፕ ቀን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ይውልና ማታ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ስለዚህ ሥራው ሌሊት ነው። ትልልቆቹ መረቦች ከኋላ ለሰዓታት ሲጎተቱ አንዲት ትንሽ የመሞከሪያ መረብ ለብቻዋ ትወርዳለች፣ በየ20 ደቂቃው ገደማ ትወጣና ይዘቷ ይታያል። ሽማግሌው መብራት ስር ዘረገፏት፣ ሸርጣን፣ ጣት የምታህል ዓሣ፣ ጄሊፊሽ፣ በመሃል በመሃል ሽሪምፕ፣ ጎንበስ ብለው በጣታቸው እየለዩ ቆጠሩ፣ 14 ነበር። ምንም ሳይናገሩ መሪውን አዞሩትና ሌላ መስመር ያዙ፣ በሚቀጥለው ስትወጣ ከ40 በላይ። እንዴት አወቁ ስላቸው አባቴ እዚህ ጋ ጉድጓድ አለ ይል ነበር፣ ውሃው ሲጎድል እዛ ይሰበሰባል አሉኝ። እና እህቴ፣ አማትሽ ለልጅሽ ላስረክብ የሚሉት እንጨትና ሞተሩን ብቻ አይደለም፣ ይሄን ጭምር ነው፣ እሳቸው ካለፉ በኋላ ደግሞ ይሄን ከየትም አታመጪውም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ፣ አራት ትውልድ አንድ ዓይነት ሥራ የሠራ ይመስላል እንጂ አልሠራም። የባልሽ ቅድመ አያት ዘመን ሽሪምፕ የሚያዘው ብዙ ሰው ሆኖ ረጅም መረብ በእጅ እየጎተተ ነበር፣ በጀልባ የሚጎተተው ትሮል የሚባል መረብ ወደ ሉዊዚያና የገባው ከ1910ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምነግርሽ) ወዲህ ነው። በረዶ እንደልብ ባልነበረበት ጊዜ ባራታሪያ ቤይ በሚባለው የሉዊዚያና ባሕረ ሰላጤ ላይ ፊሊፒኖችና ቻይናውያን በእንጨት ምሰሶ ላይ ሰፊ መድረክ ሠርተው ሽሪምፑን ቀቅለው በፀሐይ ያደርቁት ነበር፣ ጠንካራ ሽፋኑ እንዲለቅ በእግራቸው እየረገጡ ይጨፍሩበት ነበር። ማኒላ ቪሌጅ ይባላል ትልቁ፣ በ1965 ሃሪኬን ቤትሲ ጠረገው። አማትሽ ጎልማሳ ሳሉ ደግሞ መንግሥት የባሕር ኤሊ የሚያስወጣ መሣሪያ መረባችሁ ላይ ግጠሙ ብሎ አጥማጁ በ1989 ጀልባውን እያሰለፈ ወደብ እስከመዝጋት ደርሷል፣ ኋላ ግን ገጠሙት። ከ1975 በኋላ የመጡት የቬትናም ስደተኞችማ ጋልቬስተን ቤይ ላይ ኩ ክለክስ ክላን የሚባለው የነጭ ዘረኞች ቡድን ሲያስፈራራቸው በ1981 ፍርድ ቤት ሄደው አስቆሙት፣ እኔ በረዶ ከምሞላላቸው ግማሾቹ የነሱ ልጆች ነበሩ። እያንዳንዱ ትውልድ የራሱ ጣጣ ነበረው፣ የልጅሽ ጣጣ ደግሞ ዋጋ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከሚበላው ሽሪምፕ 90 በመቶ አካባቢው ከውጭ የሚገባ ነው፣ አብዛኛው ከሕንድ፣ ከኢኳዶር፣ ከኢንዶኔዥያና ከቬትናም፣ በኩሬ የሚረባ። ናፍጣ ይወደድ፣ በረዶ ይወደድ፣ ወደብ ላይ ገዢው የሚሰጠው ዋጋ ከዛ የኩሬ ሽሪምፕ ጋር ተያይዞ ነው የሚወርደው። ሉዊዚያና ሬስቶራንቶች የውጭ ሽሪምፕ ሲሸጡ ለደንበኛው እንዲገልጹ በሕግ ታስገድዳለች፣ ጥሩ ነው፣ ግን ያ ብቻውን የናፍጣ ዕዳ አይከፍልም። ሌላው ረግረጉ ነው። ሽሪምፕ ጥልቁ ባሕር ላይ ይራባና ጫጩቱ ረግረጉ ውስጥ ሣር ስር ገብቶ ያድጋል፣ ዕድሜውም ዓመት ከምናምን ነው፣ ያ ረግረግ ደግሞ ከ1930ዎቹ ወዲህ 5,000 ስኩዌር ኪሎሜትር አካባቢ ውሃ በልቶታል። ሃሪኬኑን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ ምን ታድርጊ? እኔ እንቢም አትበይ፣ እሺም አትበይ ነው የምልሽ። ትምህርቱ የሚያልቀው ሜይ ላይ ነው፣ የቡናማው ሽሪምፕ ሲዝንም ብዙ ጊዜ ሜይ ላይ ነው የሚከፈተው፣ የነጩ ደግሞ ኦገስት ገደማ። ይሄን አንድ ዓመት ከአያቱ ጋር ይውጣ፣ ግን እንደ ወራሽ ሳይሆን ድርሻው እንደሚታሰብለት ሠራተኛ። ናፍጣው፣ በረዶው፣ የምግቡ ወጪ ተቀንሶ ከቀረው ስንት እንደሚደርሰው ከመውጣታቸው በፊት ይነጋገሩ፣ ወረቀት ላይም ይስፈር። በየጉዞው ስንት ጋሎን ተቃጠለ፣ ስንት ፓውንድ ወጣ፣ በፓውንድ ስንት ፍሬ ይገባል (ትልቁና ትንሹ ዋጋው ሰማይና ምድር ነው)፣ ስንት ተሸጠ፣ ሁሉን ልጁ በእጁ ይጻፍ። ዲሴምበር ላይ ጠረጴዛ ከባችሁ እዩት። ኮሌጅ አንድ ዓመት ቢዘገይ ቦታውን አይለቅም፣ የዲዝል ሞተር ወይም የብየዳ ትምህርት ቢማር ደግሞ ጀልባውም ላይ ይሠራበታል፣ ጀልባው ቢቀርም ይበላበታል። እዛው ሉዊዚያና ደልካምበር በምትባለው ከተማ አጥማጆቹ ዛሬ እገባለሁ ብለው በኢንተርኔት እያስታወቁ ከጀልባው ላይ በቀጥታ ለሰው ይሸጣሉ፣ ሄዳችሁ እዩ፣ ልጅሽ በስልኩ ሊሠራ የሚችለው ሥራ ነው፣ አያቱ ደግሞ አይሞክሩትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንክሪ፣ ዕዳው ላይ። ብድሩ በማን ስም እንደሆነ፣ ስንት እንደቀረ፣ ጀልባው ኢንሹራንስ እንዳለው ሳታውቂ ልጁ 18 ሞላኝ ብሎ ምንም ነገር ላይ እንዳይፈርም። በረዶ ቤት ሳለሁ አባቱ ሲሞት ጀልባውን ከነዕዳው የተረከበ የ20 ዓመት ልጅ አይቻለሁ፣ ጎበዝ አጥማጅ ነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ጀልባውን አበዳሪው ወሰደበት፣ ያን ቀን ወደቡ ላይ ቆሞ ሲያይ የነበረው ፊቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የባልሽ ዝምታ ነው እኔን ያሳሰበኝ። እሱ ራሱ ጀልባውን ትቶ ወደ ነዳጁ የሄደ ሰው ነው፣ አባቱ ፊት አታድርግ ቢል ያንተው አይበቃም ወይ እንዳይባል ፈርቶ ይሆናል። ብቻችሁን ሆናችሁ ለምን እንደተወው ጠይቂው፣ መልሱን ልጁም ይስማው። አማትሽ ጋ ደግሞ ልጁ በሌለበት ቡና አፍልተሽ ሂጂ፣ አባባ ብለሽ፣ እርስዎ ጀልባውን ከአባትዎ ሲረከቡ እንዴት ነበር ብለሽ ጀምሪ። ስለ ዕዳው የሚነግሩሽ ከዛ ወሬ መሃል ነው።

ሽሪምፕ ስለመብላቱ፣ ዘሌዋውያን 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ነው ትበላላችሁ የሚለው፣ በእኛ ቤት አይበላም፣ ይሄን ታውቂዋለሽ። አጥምዶ መሸጡ ላይ ግን እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፣ ስልክም ቢሆን ደውዪላቸው፣ ይሄን ጥያቄ በሆድሽ ይዘሽ ልጁን አትሸኚው።

ደብተሩን አንቺ ግዢለት። ጠንካራ ሽፋን ያለው ይሁን፣ እርሳስም አብረሽ ስጪው፣ ጀልባ ላይ እስክሪብቶ ሲረጥብ አይጽፍም።