ሮቨሩ ቆመ ወይስ ሮቨሯ ቆመች?

ጥያቄው ጎንደር፣ አዘዞ ከሚያስተምሩ የፊዚክስ መምህር ነው። ተማሪዎቻቸው ስለ ማርስ ሮቨሮች (ፕላኔቷ ላይ እየተንቀሳቀሱ ስለሚመረምሩት ባለ ጎማ ሮቦቶች) ሲጽፉ ግማሹ «ሮቨሩ ቆመ»፣ ግማሹ «ሮቨሯ ቆመች» ይላል። «ማንን ላርም?» ነው ነገሩ።

መምህር፣ ማንንም አያርሙ። ፀሐይንና ጨረቃን የመሳሰሉትን በልማድ «ወጣች፣ ገባች» እንላለን እንጂ፣ አብዛኛውን ግዑዝ ነገር «እሱ» ወይም «እሷ» የሚያሰኘው የተናጋሪው ስሜት ነው። ትንሽ ከሆነች፣ ከወደዳት ወይም ካሳዘነችው «እሷ» ናት። ምንም ካልተሰማው «እሱ» ይላል። እዚያው ጎንደር፣ ወደ ጎሃ የሚወስደውን አቀበት የሚወጣ የባጃጅ ሾፌር ልብ ብለው ይስሙ፤ ሜዳው ላይ «ባጃጁ» ሲል የነበረው ሰውዬ፣ ዳገቱ መሃል ማቃሰት ስትጀምር «አይዞሽ!» ይላታል።

እኔ ግን ለሮቨር «እሷ»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም ስሜት ብቻ አይደለም። ስፒሪት የተባለችውን ሮቨር እንውሰድ። ማርስ ላይ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2006 ከስድስቱ ጎማዎቿ የፊት ቀኙ መሽከርከር አቆመ። እሷ ግን ወደ ኋላ እየነዳች፣ የሞተውን ጎማ እየጎተተች ቀጠለች። ጎማው አፈሩን ሲቦጭረው በ2007 ከሥር ነጭ አፈር ብቅ አለ፤ ሲመረመር ሲሊካ (የአሸዋና የመስታወት ዋና ንጥረ ነገር) የበዛበት ሆነ፤ ይኸውም በጥንት ጊዜ እዚያ ሙቅ ውኃ ወይም እንፋሎት እንደነበረ ጠቋሚ ነው። አሁን ይህንኑ ሁሉ በወንድ ይጻፉት። «ጎማው ቆመ፤ ግን ቀጠለ።» ማን ቀጠለ? ጎማው? በሴት ሲሆን ግን «ጎማው ቆመ፤ ግን ቀጠለች» ብለው ማለፍ ይችላሉ። ግሱ ባለቤቱን ይነግርዎታል።

ቀይ እስክሪብቶ የሚያስፈልገው «ሮቨሯ ካረፈ በኋላ ፎቶ ላከች» ለሚለው ነው። በወሬ መሃል ሁላችንም እንዲህ እንላለን፤ ጽሑፍ ላይ ግን ያስጠላል።

አንድ ብቻ ይለፉልኝ። ሌላዋ ሮቨር ኦፖርቹኒቲ የታሰበላት ለ90 የማርስ ቀናት ነበር፤ እስከ 2018 ሠርታ ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛለች፣ ዝም ያለችውም የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ከጋረደባት በኋላ ነው። ተማሪው «ሮቨሩ አረፈ» ብሎ ጀምሮ እዚህ ሲደርስ «ደከማት» ካለ፣ እኔ ብሆን ማርክ አልቀንስበትም።

በብዙ ቁጥር ሲሆን ደግሞ ጣጣ የለውም፦ «ሮቨሮቹ አረፉ»።