የወንጀሉ የትኛው ሰዓት ላይ መቆም ትችላለህ?

ጥያቄ፦ «የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስሆን በቅርቡ የትምህርት ክፍል እመርጣለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ የአባቴ ሱቅ ተዘረፈ፤ ከወሰዱት መካከል የሰፈራችን ሰዎችም ነበሩ። ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ማወቅ፣ ወንጀለኛንም ማስቀጣት እፈልጋለሁ። ሕግ ልማር፣ ፖሊስ ልሁን ወይስ ሶሺዮሎጂ? አባቴ ‹ከሕግ ሌላ እንጀራ የለም› ይላሉ።»

ወንድሜ፣ ማወቅና ማስቀጣት ብለህ ሁለት ነገር አንድ ላይ ጠይቀሃል። ሁለቱን የሚሠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ቢሮ ውስጥ አይገኙም።

ከአባትህ ልጀምር፤ በግማሹ ልክ ናቸው። ሕግ አምስት ዓመት ይወስዳል፣ መውጫ ፈተናም አለው፤ ሲያልቅ ግን ዐቃቤ ሕግነት፣ ዳኝነት፣ ጥብቅናና የባንክ ሕግ ክፍል ሁሉ ይጠብቁሃል። ጎረቤትህ የስኳር ጆንያ ተሸክሞ ሲወጣ ያየ ሰው «ሌባ» ብሎ ይጨርሳል። ዐቃቤ ሕግ ግን በር ሰብሮ ነው የገባው? ሰው አስፈራርቷል? ከሌሎች ጋር ተባብሯል? ወይስ ሌላው የሰረቀውን ነው የተቀበለው? ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ስርቆትን ከውንብድና ይለያል፤ የእስራቱም ዘመን በዚያው ይለያያል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ወንጀሎችን የደረደረው በተጎጂው ነው፦ በመንግሥት፣ በሕዝብ ጥቅም፣ በግለሰብና በቤተሰብ፣ በንብረት ላይ የሚፈጸሙ እያለ ይሄድና ደንብ መተላለፍን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ያ ጎረቤት ለምን ጆንያውን እንዳነሣ ግን ሕጉ ብዙም አይነግርህም።

ድህነት ነው ብሎ መዝጋት ይቀልላል። ነገር ግን በዚያ ወቅት የራሱ ቤት ባዶ ሆኖ የጎረቤቱን ደጃፍ ሲጠብቅ ያደረ ደሀ በሰፈርህ አልነበረም? ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሶሺዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ወንጀል የሚፈጸመው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው ብለዋል፦ የሚመኝ ሰው፣ በቀላሉ የሚወሰድ ነገር፣ የጠባቂ አለመኖር። የአባትህ ሱቅ ላይ ሦስቱም ተገናኙ። ከኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደመወዟን ይዛ በጨለማ ወደ ኪራይ ቤቷ የምትሄድ ልጅ ላይም ይገናኛሉ። መድኃኒቱ ደግሞ ዳኛ ላይሆን ይችላል፤ የመንገድ መብራት ወይም ደመወዝን በባንክ መክፈል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ማሰብ ደስ የሚልህ ከሆነ ሶሺዮሎጂን አትናቀው።

ስለ ቅጣት ጣሊያናዊው የሕግ አሳቢ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 የጻፈው ነገር አለ፤ ሰውን ከወንጀል የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው። ይህን በራሴ አየሁት። ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት ስልኬን ነጥቆኝ ሮጠ፣ ተያዘም። ቃሌን ሰጠሁ። ምስክርነት ተጠርቼ ሁለት ጊዜ በቀጠሮ ተመለስኩ፤ በሦስተኛው ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። ልጁ መለቀቁን ስሰማ ያልወቀስኩት ሰው አልነበረም፣ ከራሴ በቀር። ጎበዝ መርማሪ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ መዝገቡ እንደ እኔ ባለ ሰነፍ ምስክር ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል። ስለዚህ ፖሊስነትን ስታስብ የደንብ ልብሱን ሳይሆን ይህን ሥራ አስብ። ሰንዳፋ ያለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ አንድ በር ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ከወጣ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከስልክና ከኮምፒውተር ማስረጃ ማውጣት የሚችል ሰው ይፈለጋል፤ ይህ መንገድ በሕግ ትምህርት ክፍል በኩል አያልፍም።

ተማሪዎች የሚረሱት ከፍርድ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ወህኒ ቤት ስሙ ተለውጦ ማረሚያ ቤት ተብሏል፤ ማረሙ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ መምህርና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ይፈልጋል። ሕጋችን ከዘጠኝ ዓመት በታች ያለን ሕፃን በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ላለው ደግሞ ከአዋቂው የተለየ አያያዝ ያዝዛል። ያን አያያዝ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ይቀራል። የእኛ ወሎም አበጋሮች የሚባሉ አስታራቂ የአገር ሽማግሌዎች አሉት። የነፍስ ግድያ ክስ በእርቅ አይዘጋም፤ ገዳዩ ታስሮ ሲፈታ ግን የሟች ወንድም ደም ልመልስ እንዳይል የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ይህን አገራዊ ሥርዓት ከመደበኛው ሕግ ጋር አገናኝቶ የሚያጠና የወሎ ልጅ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል።

እኔን ካልከኝ፣ ውጤትህ ከደረሰ ሕግን አስቀድመህ ሙላ። ከሕግ ተነሥተህ በሁለተኛ ዲግሪ ወደ «ለምን» መዞር ትችላለህ፤ በሶሺዮሎጂ ዲግሪ ብቻ ግን ችሎት ላይ ቆመህ አትከራከርም። አንድ ነገር ግን ራስህን ጠይቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ማቆም አቅሙ ለማይፈቅድ ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደል ሲሆን በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ያዝዛል። ሱቅ ዘርፏል ለተባለ ሰው ያ ጠበቃ አንተ ብትሆን ከልብህ ትከራከርለታለህ? አሁን «አዎ» ማለት አይጠበቅብህም። «በፍጹም» ካልክ ግን አምስቱ ዓመት ይረዝምብሃል።

ቅጹን ከመሙላትህ በፊት የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ና፤ ፍርድ ቤት ገብተህ ሦስት ጠዋት የወንጀል ችሎት ተቀመጥ። በዝግ ካልታዘዘ በቀር ችሎት ለማንም ክፍት ነው። መታወቂያ ያዝ፣ ስልክህን አጥፋ፣ ከኋላ ወንበር ያዝ። ከዚያ ጻፍልኝ፤ ዓይንህ ማንን ሲከተል እንደዋለ ብቻ ንገረኝ፦ ዐቃቤ ሕጉን፣ ተከሳሹን፣ ወይስ በር ላይ ምሳ ቋጥራ የቆመችውን እናቱን።