አናቱ የሚሸበሸብ የሕፃን ኮፍያ

ጥያቄ፦ «የእህቴ ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በኪሮሽ ኮፍያ ልሠራላት ብዬ በአጭሩ ስፌት በየዙሩ 12 እየጨመርኩ ብጀምር አናቱ ተሸበሸበ። ፈትቼ በረጅሙ ስፌት፣ ጭማሪውን ወደ 6 ዝቅ አድርጌ ብሞክር ደግሞ እንደ ሲኒ ጎደጎደብኝ። ትክክሉ ስንት ነው? ከላይ ዶቃ፣ ከታች ማሰሪያ ባደርግበትስ?» ከጅማ

መልስ፦ ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የተቀያየረው ስፌታቸው ነው። ክብ ነገር በአንድ ዙር ወደ ውጭ ሲሰፋ፣ ዙሪያው የዚያን ዙር ቁመት 6.28 ጊዜ ያህል መርዘም አለበት። መርፌው ላይ ክር ሳይጠመጠም የሚሠራው አጭሩ ስፌት ቁመቱና ስፋቱ ስለሚቀራረብ በየዙሩ 6 ይበቃዋል። ክሩ አንዴ ተጠምጥሞ የሚሠራው ረጅሙ ግን ቁመቱ የስፋቱን እጥፍ ገደማ ስለሆነ 12 ይፈልጋል። ከዚያ ሲበልጥ ትርፉ መተኛ አጥቶ ይሸበሸባል፣ ሲያንስ ደግሞ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይስባል። በካውያ አስተካክለዋለሁ ብለው እንዳይሞክሩ፤ አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ሙቀት ሲነካው ልፍስፍስ ብሎ ይቀራል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ፈትቶ እንደገና መሥራት ይሻላል።

ለኮፍያ ረጅሙን ስፌት እመርጣለሁ፤ ቶሎ ያልቃል፣ ለስለስ ብሎም ይለጠጣል። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 4 ሚሊ ሜትር መርፌ ይያዙ። አንደኛው ዙር በሚሰበሰብ የክር ቀለበት ውስጥ 12 ስፌት ነው። በሁለተኛው እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ይሥሩ፣ 24 ይሆናል። በሦስተኛው አንድ ነጠላ፣ ቀጥሎ አንድ ላይ ሁለት፤ 36። በአራተኛው ሁለት ነጠላ ከሠሩ በኋላ አንድ ላይ ሁለት፤ 48። በአምስተኛው ሦስት ነጠላ፣ ከዚያ አንድ ላይ ሁለት፤ 60። ጭማሪዎቹ በየዙሩ አንዱ ባንዱ ላይ ከተደረደሩ ክቡ ማዕዘን ያወጣል፤ ስለዚህ መነሻቸውን በየዙሩ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉት።

ኮፍያው ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው የሚለየው እዚህ ላይ ነው፣ ወደ ታች መውረድ ከመጀመርዎ በፊት። የልጅቷን ራስ ከቅንድቧና ከጆሮዎቿ ከፍ አድርገው በሜትር ይለኩ። ክሩ ስለሚለጠጥ 2 ሴንቲ ሜትር ይቀንሱ፣ የቀረውን ለ3.14 ያካፍሉ። በ80 ቀን የሴት ልጅ ራስ 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ኮፍያው 37፣ አናቱ ከጫፍ ጫፍ 12 ሴንቲ ሜትር ቢጠጋ ልክ ነው። ክቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለኩት። 13 ከሆነ እጅዎ ላላ ማለት ነው፤ ዙር አይቀንሱ፣ መርፌውን ወደ 3.5 ይለውጡ። ለወንድ ልጅ የ40 ቀን ክርስትና ራሱ 38 አካባቢ ስለሆነ በአምስተኛው ዙር 10 ብቻ ጨምረው 58 ላይ ያቁሙ። በሙስሊሞች ዘንድ በሰባተኛው ቀን ለሚደረገውና የሕፃኑ ፀጉር ለሚላጭበት የአቂቃ ሥርዓት ደግሞ ራሱ ገና 35 አካባቢ ነውና 6 ጨምረው 54 ላይ ይቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለ ጭማሪ ከ7 እስከ 8 ዙር ይውረዱ፤ ለአቂቃው 6 ይበቃል። አንድ ባለ 50 ግራም ጥቅል ክር ለአንድ ኮፍያ አያንስም።

ቁጥሩ እየተዛባ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ዙሩ የሚዘጋበት ቦታ ላይ ነው። የመነሻዎቹ 3 ሰንሰለቶች እንደ አንድ ስፌት ይቆጠራሉ። መዝጊያው ላይ ሳያውቁ ከሠሩ በየዙሩ አንድ ይተርፋል፣ የሰንሰለቱን ጫፍ ከዘለሉ አንድ ይጎድላል። መነሻው ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ያስገቡና ዙሩ ባለቀ ቁጥር ይቁጠሩ።

መሃሉን የሚሰበስበው ክር ተቆርጦ ብቻ ከተተወ በመጀመሪያው እጥበት ይከፈታል። 15 ሴንቲ ሜትር ያስተርፉለት፣ ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ቀለበቱን ሁለት ጊዜ ያዙሩበት፣ ከዚያ አቅጣጫ እየለወጡ ሦስት ጊዜ በስፌቶቹ ውስጥ ያስኪዱት። ቋጠሮ አይሁን፤ ጭንቅላቷን ይቆረቁራታል። ከኮፍያው ጋር ካልሲም ካሰቡ ውስጡን ገልብጠው አጥብቀው ይፈትሹ። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል።

ዶቃውንና ማሰሪያውን ግን ይተዉ ብዬ እለምንዎታለሁ። የቱንም ያህል ቢጠብቅ ዶቃ አንድ ቀን ይነቀላል፤ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፣ ይታነቃልም። ማሰሪያ ደግሞ አንገት ላይ ይጠመጠማል። ጌጥ ካማረዎት በዚያው ክር ጠፍጣፋ አበባ ሠርተው ጠርዙን ዙሪያውን ይስፉት፤ ለክርስትና ነጭ በነጭ በጣም ያምራል። ሕፃኗ ስትተኛ ኮፍያው እንዲወልቅላት ለእህትዎ ይንገሯት፤ ሕፃናት ትርፍ ሙቀት በራሳቸው በኩልም ያስወጣሉ።

ክሩን ሂርማታ ገበያ ሲመርጡ አንገትዎ ላይ አሸት አድርገው ይሞክሩት፤ እርስዎን የበላ እሷንም ይበላታል። ፀጉር ያለው ክር አይግዙ፣ ብናኙ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይገባል። ጥጥ ለቆዳ ይመቻል፤ ለአቂቃ፣ ፀጉሩ ገና ለተላጨ ራስ፣ ከጥጥ ሌላ አልመክርም። ነገር ግን ዝናብ በሚበዛበት በጅማ ወፍራም ጥጥ ቶሎ አይደርቅም፣ ሳይደርቅ ከታጠፈም ይሸታል። ለዘወትር የሚሆነውን ለስላሳ አክሪሊክ ያድርጉት። ባለቀለም ክር ከሆነ ቁራጩን አርጥበው በነጭ ጨርቅ ይጫኑት፤ ቀለም ከለቀቀ አይጠቀሙበት። ከመስጠትዎ በፊት በለብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡት፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ጨምቀው፣ ልኩን በሚያህል የተነፋ ፊኛ ላይ አልብሰው ያድርቁት።